ጩኸቷን ያጠፋሁባት ራዳር

አጣሪዎቹ ሄሊኮፕተሯን ዛፍ መታት ብለው ጻፉ። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለቱንም ጊዜ ያው ነው። ዛፍ መታት። እኔ ተወልጄ ባደግሁበት አገር ዛፍ ማንንም ሲመታ አላየሁም። ዛፍ ቆሞ ይውላል፣ ቆሞ ያድራል። የሄደው ሌላ ነው። አርጅቼ ይህን ስጽፍ እንኳ ንዴቱ አልወጣልኝም።

ከሱ ቀጥሎ ያለው መስመር ደግሞ ይብስ ነበር። ለወደፊቱ በረራ ደኅንነት ሲባል በመስመሩ ላይ የሚገኙ ረጃጅም ዛፎች እንዲቆረጡ ይላል። ዛፎቹ የማን እንደሆኑ አይልም። እኔ ግን አውቃለሁ፤ አሥራ አንዱም የአባቴ ናቸው። ከወረቀቱ ግርጌ ደግሞ የእኔ ስም ተጽፎ ፊርማዬን ይጠብቃል።

በጦር ሄሊኮፕተሮች ላይ ራዳር ጠጋኝ ነበርኩ፤ በማዕረግ ሃምሳ አለቃ። ሴት ራዳር ጠጋኝ ሲባል የሚስቁ ነበሩ። መልስ ሰጥቻቸው አላውቅም፤ የተበላሸባቸውን ስጠግንላቸው ሳቁ ራሱ ይቆም ነበር።

ራዳር ሲባል ሰው የሚያስበው የሚሽከረከር ትልቅ ሳህን ነው። የእኛዋ እንደዚያ አይደለችም። ከሄሊኮፕተሯ ሆድ ሥር የተለጠፉ፣ ከትሪ የማይበልጡ ሁለት ጠፍጣፋ ነገሮች ናቸው። አንዱ ሞገድ ወደ ታች ይልካል፣ ሌላው ተመልሶ የሚመጣውን ያዳምጣል። ከዚያ በአብራሪው ፊት ያለች መርፌ ከሥሩ ካለው ነገር ስንት ሜትር እንደራቀ ትነግረዋለች። ደመና ወርዶ ዝቅ ብሎ መብረር ግድ ሲሆን የሰውየው ሕይወት በእሷ ላይ ነው። ከዚህ በታች አልወርድም የሚለውን ልክ ያስቀምጥላታል፤ ካለፈው በጆሮው ውስጥ ትጮኽበታለች። መብራትም ታበራለች፤ ግን በጭጋግ ውስጥ የሚበር ሰው ዓይኑ ውጭ ነው፣ ለእሷ የሚተርፈው ጆሮው ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን አትችልም፤ ፊት ለፊት አታይም። የምታየው ወደ ታች ብቻ ነው። ለሰልጣኞች ሳስተምር “በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእሷ ነው” እያልኩ አስቃቸው ነበር። ዛሬ ያ ሳቅ ትዝ ሲለኝ ያመኛል።

ያን ክረምት ከቴፒ ወደ ማሻ የሚወስደውን መንገድ ናዳ ቆረጠው። ደጋ ላይ ላሉት ቀበሌዎች ዱቄትና መድኃኒት እንድናደርስ ታዘዝንና ሁለት ሄሊኮፕተር ይዘን ቴፒ ሜዳ ላይ ሰፈርን። ለእኔ አገሬ ነው። የአባቴ ቤት ከሜዳው የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው፤ ወደ ደጋው በምንበርበት መስመር ላይ፣ ከወንዙ ማዶ ካለው ጉብታ ሥር። መጀመሪያ ሲነግሩኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ዩኒፎርሜን ለብሼ የሰፈሬ ሰው ሊያየኝ ነው ብዬ፣ እንደ ልጅ።

አባቴ ማር አምራች ነው። በእኛ አገር ቀፎ መሬት ላይ አይቀመጥም፤ ከጫካው በረጅሙ ዛፍ ጫፍ ላይ ይሰቀላል። ማሩ ሲደርስ በገመድ ነው የሚወርደው፤ ስለዚህ የዛፉ ባለቤት የዛፉን ቁመት ማወቅ አለበት። ገመዱ ካጠረ ማሩ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ንቡም ሰውየውን እዚያው ይጨርሰዋል። አባቴ በገመዱ ላይ በየክንዱ ቋጠሮ ቋጥሮ ይወጣል፤ ታች ሆኜ ቋጠሮውን የምቆጥርለት እኔ ነበርኩ። አሥራ አንዱንም ዛፎች በክንድ ያውቃቸዋል። ቡና ለመትከል ጫካው ሲሳሳ ትንንሹ ዛፍ ይቆረጣል፣ ጥላ የሚሆነው ይቀራል፣ ቀፎ ያለበትን ግን ማንም አይነካውም። የሰው ቀፎ ዛፍ ላይ መጥረቢያ ማሳረፍ ቤቱን እንደማፍረስ ነው። ስለዚህ ከቡናው በላይ፣ ከጥላውም በላይ፣ ብቻውን ተለይቶ የሚቆም ዛፍ ካየህ የአንድ ሰው ንብረት ነው።

በሦስተኛው ቀን አብራሪዎቹ ይጨቀጭቁኝ ጀመር። ራዳሯ ያለ ማቋረጥ ትጮኻለች፤ መርፌዋ ትጨፍራለች። አውርጄ መረመርኳት፤ በመሞከሪያው ለካኋት፤ ምንም የላትም። አብሬያቸው በረርኩ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የሳሳ የቡና ጫካ ላይ ስትሄድ አንዴ ቅጠሉን ታገኘዋለች፣ አንዴ በክፍተቱ ገብታ መሬቱን ታገኘዋለች። ቅጠል፣ መሬት፣ ቅጠል፣ መሬት። የምትጮኸው ታማ አልነበረም። ያየችውን ነው የምትናገረው።

ይህንኑ ለአዛዣችን ለሻለቃው ነገርኩት። ቢያንስ ከፍ ብለው ይብረሩ፣ ካልሆነም ጭጋጉ እስኪገለጥ ይጠብቁ አልኩ። ሳቀ።

“ዛፍ እየቆጠረች ነው በይኛ!”

“አዎ፣ እየቆጠረች ነው።”

“ሃምሳ አለቃ፣ ሰው እየጠበቀን ነው። ልጆቹ በዚህ ጩኸት ሬዲዮ እንኳ መስማት አልቻሉም። ድምጿን ከጆሯቸው አውጪልኝ።”

“በጽሑፍ ይታዘዝልኝ።”

“ለአንዲት ሽቦ ወረቀት ልጽፍልሽ? መዝገብ ላይም እንዳትጽፊው። ሥራው ሲያልቅ ትመልሺዋለሽ።”

እዚህ ላይ ራሴን አልምርም። ሰው ሁሉ ሻለቃው ላይ ሲፈርድ ደስ ይለኛል፤ ግን ፒንሳውን የያዘው እጅ የእኔ ነው። ወደ ጆሮ ማዳመጫው የሚሄደውን ሽቦ ነቀልኩ፣ ጫፉን በፕላስተር ጠቀለልኩ፣ ክዳኑን መለስኩ። መዝገቡ ላይ ምንም አልጻፍኩም። ዝም አይነቅዝም የሚል ተረት ያወጣ ሰው ሄሊኮፕተር ጠግኖ አያውቅም። የኔ ዝምታ በአንድ ሳምንት ውስጥ ነቅዞ ዱቄት ሆነ።

በማግስቱ አባቴ በቅል ማር ይዞ ወደ ሜዳው መጣ። ቤት ውስጥ የምንነጋገረው በሌላ ቋንቋ ነው፤ አማርኛው የገበያ አማርኛ ነው፣ አጭር አጭር። ለሻለቃው ማሩን በሁለት እጁ ሰጠውና ቆመ።

“ጌታው፣ የምትሄዱበት ጉብታ ላይ ዛፍ አለኝ። ሰማንያ ክንድ ነው። ለክቼዋለሁ።”

“አባባ፣ አይዞዎት፣ እኛ ራዳር አለን።”

“እሱ ዛፌን ያውቃል?”

ሁሉም ሳቁ። ማሩን በጣታቸው እየላሱ ሳቁ። አባቴ አልሳቀም፣ አልተቀየመምም። “ልጆቹን በእግር ልውሰዳቸው፣ በዓይናቸው ይዩት፣ ዛሬ ሄደው ዛሬ ይመለሳሉ” አለ። ሻለቃው ወደ እኔ አየ፤ እኔ ደግሞ አፈርኩ። በአባቴ አፈርኩ! በአማርኛው፣ በጭቃማ እግሩ፣ በክንድ ቆጠራው። ክንዱን ያዝኩና “አባዬ በቃ፣ ሥራ ላይ ናቸው” ብዬ ወደ መንገዱ ሸኘሁት። ከሜዳው ዳር እስካለው ዋርካ አብሬው ሄድኩ። እዚያ ሲደርስ “ነግሬያለሁ” አለኝና ሄደ።

የቀድሞዎቹ አብራሪዎች ድምጿ እንደጠፋ ያውቁ ነበር፤ የጠየቁት እነሱ ናቸው፣ መርፌዋን በዓይናቸው ይከታተሉ ነበር። በሳምንቱ ግን እነሱ ተቀየሩና ከሌላ ቦታ አንድ ሻምበል ከረዳቱ ጋር መጣ። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ሲጠይቅ እንኳ የሚያስቸግር እንዳይመስል የሚጠነቀቅ ዓይነት። ጠዋት ነው፤ ዱቄቱ ተጭኗል፤ ሞተሩ ተነሥቷል፤ ጭጋጉ ከወንዙ ላይ ገና አልተነሣም። ሻለቃው ሰዓቱን እያየ ቆሟል። ሻምበሉ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ ጠየቀኝ።

“ራዳሯ ደህና ናት?”

“ደህና ናት” አልኩት።

ውሸት አልነበረም። ለካኋት፣ ደህና ናት። አውራ ጣቱን አሳየኝና ተነሣ። ስለ ሽቦው ለመናገር ከሦስት ቃል በላይ አይፈጅም ነበር። ሻለቃው አጠገቤ ባይኖር እነግረው ነበር ወይ? ይህን ጥያቄ ስንት ዓመት እንደጠየቅሁት አላውቅም፤ መልሱን ስለማላውቀው እናደዳለሁ።

ሬዲዮው ዝም ሲል መኪና እስከሚሄድበት ሄድን፤ የቀረውን በእግር ሮጥን። አባቴ ቀፎ የሚሰቅልበትን ጉብታ ለማግኘት መንገድ መሪ አላስፈለገኝም። የዛፉ ጫፍ ተገምሷል። ሄሊኮፕተሯ ከሥሩ ባለው ቡና ውስጥ በጎኗ ተኝታለች፤ ጆንያዎቹ ተቀደው ዱቄቱ በቡናው ቅጠል ላይ ሁሉ ተበትኗል። ቀፎዎቹ ከዛፉ ወድቀው ተፈርክሰዋል። ንቡ አገሩን ሞልቶታል።

የሰፈሩ ሰው ዙሪያውን ቆሟል፤ የሚጠጋ የለም። አባቴ ከፊት ነበር፤ ሁልጊዜ ለንብ እንደሚያደርገው ደረቅ ቅጠል አስሮ ችቦ አዘጋጅቷል፤ ሊለኩሰው ክብሪት አውጥቷል። የነዳጁ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮኽኩ።

“አባዬ፣ እሳት እንዳትለኩስ! ነዳጅ ፈሷል!”

ዞሮ አየኝ። ችቦውን አየ፣ ሄሊኮፕተሯን አየ። ያለ ጭስ ወደተቆጣ ንብ መግባት ምን ማለት እንደሆነ እዚያ ካለው ሰው ሁሉ የበለጠ የሚያውቀው እሱ ነው። ክብሪቱን ለጎረቤቱ ሰጠ፣ ጋቢውን በራሱ ላይ ጠመጠመና ገባ። ሁለት ሰዎች ተከተሉት፤ እኔም ተከተልኩ። ረዳቱ ክንዱ ተሰብሮ በራሱ እየተጎተተ ወጣ። ሻምበሉ ግን እግሩን ማንቀሳቀስ አልቻለም። አባቴ ከብብቱ ይዞ ሲጎትተው ንቡ በአባቴ ፊት ላይ ከመሥፈሩ የተነሣ ዓይኑ አይታይም ነበር። አልጮኸም። “ቀስ፣ ወገቡን ደግፉ” ብቻ ነበር የሚለው።

ሻምበሉን ሚዛን ወደሚገኘው ሆስፒታል ወሰዱት፤ አከርካሪው ተጎድቷል፤ ከዚህ በኋላ መብረር ቀርቶ መራመዱም አይታወቅም አሉ። የአባቴ ፊት ሳምንት ሙሉ እንዳበጠ ከረመ። በሳምንቱ ማብቂያ ላይ አጣሪዎቹ የላኳቸው ሰዎች መጥተው አሥራ አንዱንም ዛፎች በቀይ ቀለም ምልክት አደረጉባቸው። አባቴ ከቤቱ ወጥቶ ገና በደንብ ያልተከፈተ ዓይኑን እያሸ ምን እንደሆነ ሲጠይቃቸው “ለደኅንነት ነው” አሉት። ለደኅንነት! ሰው ሲያወጣ በንብ የተበላውን ሽማግሌ።

አደጋውን የሚያጣሩት ሦስት መኮንኖች ነበሩ፤ ቴፒ ውስጥ በተዋሱት የትምህርት ቤት ክፍል ተቀመጡ። ያን ወረቀት ፊቴ አኖሩት። ሰብሳቢው ትሁት ሰው ነው።

“ራዳሩ ደህና ነበር አይደል?”

“ደህና ነበረች።”

“ማስጠንቀቂያውም ይሠራ ነበር። እንግዲህ ምልክት የሌለው መሰናክል ነው። እዚህ ጋ ፈርሚ።”

ትንሽ ላስብ ብዬ ወጣሁ። ሻለቃው በረንዳው ላይ ይጠብቀኛል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ታላቅ ወንድም፣ “ሽቦውን የነቀለው የማን እጅ ነው? እኔ ነክቼዋለሁ? ለአሥር ዛፍ ብለሽ እንጀራሽን እንዳታጪ” አለኝ።

“አሥራ አንድ ናቸው” አልኩት። ደሜ ፈልቶ ነበር። ብዙ ስድብ ያዘጋጀሁ መስሎኝ ነበር፣ የወጣልኝ ግን ይሄ ብቻ ነው።

ተመልሼ ገባሁና ሁሉንም ተናገርኩ። ትእዛዙን፣ ፒንሳውን፣ ፕላስተሩን፣ መዝገቡ ላይ አለመጻፌን። ክዳኑን ቢያነሡ ሽቦውን እኔ እንደጠቀለልኩት እንደሚያገኙት ነገርኳቸው። ሄደው አነሡ፤ አገኙ። እኔ በዚያው ቀን ቀበቶዬን ፈትቼ አስረከብኩ፤ ከወራት በኋላም ከሥራ ተሰናበትኩ። ሻለቃው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፤ ትከሻው ላይ ያለው ማዕረግ እንዳለ። ይህን እስከ ዛሬ አልዋጥኩትም፣ አልውጠውምም። ዛፎቹን ግን የሚቆርጥ አልመጣም። ቀይ ቀለሙን ዝናብ እያጠበው ሄደ።

ቀበቶዬን ባስረከብኩበት ቀን ማታ ወደ አባቴ ቤት የሄድኩት፣ እውነቱን ልናገር፣ ልመሰገን ነው። እንጀራዬን አጥቼ ዛፎቹን አድኛለሁ። የሆነውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት። አቋርጦኝ አያውቅም፤ ያን ቀን ግን አቋረጠኝ።

“ያ ልጅ ከመነሣቱ በፊት ጠይቆሽ ነበር?”

“ጠይቆኝ ነበር።”

“ነገርሽው?”

“አልነገርኩትም።”

“ከዚያስ በኋላ?”

“አላየሁትም።” 

“ለመኮንኖቹ የነገርሻቸው ለዛፎቼ ብለሽ ነው” አለ አባቴ። “የወደቀው ዛፍ አይደለም። ሂጂና ለሰውየው ንገሪው።”

ተናደድኩበት። በአባቴ! ለሱ ብዬ የጠፋሁ መስሎኝ፣ እሱ ደግሞ ገና አልጨረስሽም ይለኛል። ደህና እደር እንኳ ሳልለው ወጣሁ። በማግስቱ ጠዋት ግን ሚዛን የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። ሸኮ ላይ ሰው እስኪሞላ ቆምን፤ ወርጄ ልመለስ ሁለት ጊዜ ቦርሳዬን አንሥቼ ነበር።

ሻምበሉን ማንቀሳቀስ ያሰጋል ተብሎ ገና እዚያው ነበር። በጀርባው ተኝቷል፤ ከአንገቱ በላይ ብቻ ነው የሚያዞረው። ያለ ዩኒፎርም ስላየኝ መጀመሪያ አላወቀኝም። ራዳር ጠጋኟ ነኝ አልኩት። ፊቱ በራ፤ አባቴን እንዳመሰግንለት ነገረኝ። እንዲያ ሲል መቀመጥ አቃተኝ። ቆሜ፣ አልጋው ብረት ላይ እጄን አድርጌ፣ ለአጣሪዎቹ የነገርኳቸውን ሁሉ ነገርኩት። ሽቦውን እንደነቀልኩ፣ ሲጠይቀኝ ደህና ናት እንዳልኩት።

አልተቆጣም። ኮርኒሱን እያየ፣ ለሰልጣኝ በረራ እንደሚያስረዳ ሰው ረጋ ብሎ ተናገረ።

“ጭጋጉ እየወረደ ሲሄድ እኔም ዝቅ እያልኩ ሄድኩ” አለ። “ጉብታው እየቀረበ እንደሆነ ጠርጥሬያለሁ። ግን አልጮኸችም። ካልጮኸች ገና ከፍታ አለኝ ማለት ነው ብዬ ትንሽ ወረድኩ። አሁንም አልጮኸችም። እንደገና ትንሽ ወረድኩ። እስከ መጨረሻው ድረስ ጩኸቷን እየጠበቅኩ ነበር።”

ከዚያ ውሃ እንዳቀብለው ለመነኝ። ብርጭቆውን ከንፈሩ ላይ ያዝኩለት።